የስፖንጅ የሰውነት ግድግዳ፦ «ኤክቶደርም» ያልኩት ለምን ስህተት ሆነ?

ጠያቂ፦ የባዮ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ለላብራቶሪ (ላብ) ሪፖርት የስፖንጅን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚኖረውን እንስሳ፣ የሰውነት ግድግዳ ስዬ ውጭውን «ኤክቶደርም»፣ ውስጡን «ኢንዶደርም»፣ መሃሉን «ሜሶግሊያ» አልኩት። ሦስቱም ላይ ኤክስ ተደረገብኝ፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም። ሃይድራ የሚባለውን ትንሽ የውሃ እንስሳ በእነዚሁ ስሞች ስዬ ትክክል ተብሎልኝ ነበር። ሁለቱም ሁለት ሽፋንና መሃሉ ላይ ዝልግልግ ነገር አላቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሐሙስ ፈተና አለኝ፣ እባካችሁ።

አስጠኚው
እህቴ፣ ውጭው ፒናኮደርም፣ መሃሉ ሜሶሂል፣ ውስጡ ኮአኖደርም ነው። የውጩ ህዋሳት ጠፍጣፋ ናቸው። የውስጦቹ፣ ኮአኖሳይቶቹ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ፍላጀለም (እንደ ጅራፍ የሚወዛወዝ ክር) እና ዙሪያውን የከበበ አንገትጌ አላቸው። ፍላጀለሞቹ ሲወዛወዙ ውሃ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ይገባል፣ ምግቡ አንገትጌው ላይ ይያዛል፣ ውሃው በኦስኩለም፣ በትልቁ መውጫ ቀዳዳ፣ ይወጣል። አስኮኖይድ የሚባለውን ቀላሉን የስፖንጅ ቅርጽ ስትስዪ ፖሮሳይትን አትርሺ፤ መሃሏ ክፍት የሆነ፣ ግድግዳውን ከውጭ እስከ ውስጥ የምታቋርጥ አንዲት ህዋስ ናት። ብዙ ተማሪ በሁለት ህዋሳት መካከል ያለ ክፍተት አድርጎ ይስላትና ነጥብ ያጣል።

ማርታ
ስሙን ብቻ ከሸመደድሽው ሐሙስ ይጠፋብሻል፤ ምክንያቱን ያዢ። ኤክቶደርምና ኢንዶደርም የምንለው በፅንስ ጊዜ ተለይተው የየራሳቸውን ሕብረ ህዋስ የሚሠሩትን ነው። ሳይኮን የሚባለውን ስፖንጅ ብታዪ፣ ገና እጭ (ያላደገ ልጅ) ሆኖ ሲዋኝ ውጭ የነበሩት ባለፍላጀለም ህዋሳት እጩ አንድ ቦታ ሲጣበቅ ወደ ውስጥ ገብተው ኮአኖሳይት ይሆናሉ። ካደገ በኋላም አርኪዮሳይት የሚባሉት በሜሶሂል ውስጥ እየተንቀሳቀሱ ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ይለወጣሉ። ሜሶሂልን ሜሶግሊያ ያላልነውም ለዚህ ነው። የሃይድራው በዋናነት ስስ ማጣበቂያ ነው፤ በስፖንጁ ግን ምግብ የሚያመላልሰው፣ ስፒኩል (እንደ አጥንት የሚያገለግሉ ጥቃቅን ሹል ነገሮች) የሚሠራው፣ እንቁላሉም እዚያው ነው።

የላብ ሰው
በዓይን ያዩት አይረሳም። ላባችሁ ናሙና ካለው ከጥፍር ያነሰ ቁራጭ በብልቃጥ አድርገሽ በረኪና አፍሺበት። ሥጋው ይሟሟና ከታች ነጭ ብናኝ ይዘቅጣል። በረኪናውን ቀስ ብለሽ ድፊና ብናኙን በውሃ ደጋግመሽ እጠቢው። ማጠቡን እንዳትዘልዪ፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እዪው፦ እንደ መርፌ ቀጥ ያሉ፣ ባለ ሦስት ጫፍ፣ የመስታወት ስባሪ የሚመስሉ ስፒኩሎች ታገኛለሽ። አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ከሠራ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ዝም ካለ ሲሊካ ነው። ከገላ መታጠቢያው ሰፍነግ ግን ስፒኩል አትጠብቂ፤ በስቅለት ንባብ የምንሰማው ዓይነት ነው፣ አጥንቱ ስፖንጂን የሚባል ፕሮቲን ነው።

ማርታ
አስጠኚው፣ አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ውስጡ ሁሉ ኮአኖደርም የሚሆነው በአስኮኖይድ ብቻ ነው። እንደ ሳይኮን ባለው ሁለተኛው ቅርጽ፣ በሳይኮኖይድ፣ ኮአኖሳይቶቹ ያሉት በግድግዳው እጥፋቶች ውስጥ ነው፤ መሃለኛውን ባዶ ቦታ የሚሸፍኑት ጠፍጣፋዎቹ ናቸው። ከሁሉም በተወሳሰበው ቅርጽ፣ በሊኮኖይድ፣ ደግሞ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ።

አስጠኚው
ልክ ነሽ፣ እኔ አስኮኖይዱን ይዤ ነው የጻፍኩት።

ጠያቂ፦ የባዮ ተማሪ
እግዜር ይስጥልኝ። የእኔ ናሙና ሳይኮን ነበር፤ መሃሉን በኮአኖሳይት ሞልቼዋለሁ። ነገ ላብ ስገባ በረኪናውን ሞክሬ ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ።