አልተርኔተሩን ገጠምኩት፣ የቻርጅ መብራቱ ግን አይበራም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለኝ። ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ስላለቀለት አውጥቼ በምትኩ አልተርኔተር ገጠምኩበት። ወፍራሙን ሽቦ ከአልተርኔተሩ ዋና መውጫ፣ ከቢ ፕላስ፣ ቀጥታ ባትሪው ላይ አስሬያለሁ። ቁልፍ ስከፍት የቻርጅ መብራቱ ጭራሽ አይበራም። ሞተሩ ተነስቶም ባትሪው 12.4 ቮልት ላይ ይቆያል፣ ነዳጅ ሰጥቼ ሞተሩን በደንብ ሳፈጥነው ግን ድንገት 14 ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ፍጥነት) ላይ ብመልሰውም ቻርጅ ማድረጉን አያቆምም። አልተርኔተሩ ላይ ዲ ፕላስ የምትለዋ ትንሿ ማሰሪያ ላይ ምንም አላሰርኩም። አልተርኔተሩ ችግር አለበት?

መልስ 1
ወንድሜ አልተርኔተርህ ጤነኛ ነው፣ እንዳትፈታው። ያቺ መብራት ለማሳያ ብቻ አይደለችም። ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ማግኔት እንዲሆን መጀመሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከባትሪ ማግኘት አለበት፣ የሚያገኘውም በአምፖሏ በኩል አልፎ ዲ ፕላስ ላይ በሚደርሰው ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ስለሌለ አሁን የሚነሳው ብረቱ ውስጥ በቀረች ትንሽ ማግኔት ነው፣ ለዚህ ነው ነዳጅ የሚፈልገው። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚመጣበት ጫፍ ወደ አምፖሏ፣ ከአምፖሏ ወደ ዲ ፕላስ ሳብ። ቻርጅ ሲጀምር በሁለቱም በኩል ቮልቱ እኩል ስለሚሆን መብራቷ ራሷ ትጠፋለች። 12 ቮልት፣ 2 ዋት ገደማ አምፖል ይበቃል። የአምፖሏ መያዣ ቦዲ የሚነካ ዓይነት ከሆነ ግን ቀይረው፣ አለበለዚያ መብራቷም አትጠፋም፣ ዲ ፕላስም ምንም አይደርሰውም።

መልስ 2
የድሮው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ሳጥንም ከመስመሩ መውጣት አለበት፣ አልተርኔተሩ የራሱ አለው። ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ደግሞ፦ ዲናሞ ያላቸው ብዙ የድሮ ትራክተሮች ቦዲ ላይ የሚታሰርባቸው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ሳታዩ አልተርኔተር ካሰራችሁ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ወዲያው ይቃጠላሉ።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ። ኤልኢዲ መብራት ባደርግስ?

መልስ 1
ተው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፣ እንደገና ነዳጅ እየጨመርክ ልታስነሳው ነው። ክር ያለውን አምፖል አድርግ። ስትጨርስ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ክፈት፤ ካልበራ የዲ ፕላሷን ሽቦ ነቅለህ ቦዲ አስነካት። ያኔ ከበራ መስመርህ ደህና ነው፣ የአልተርኔተሩን ካርቦኖች (ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን) እያቸው። ደግሞ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ሽቦ እንዳትነቅል፣ ቮልቱ በአንዴ ይዘልና ዳዮዶቹን ይጨርሳቸዋል።