ተዘግቶ እያለ የሚያፏጭ ሰንሩፍ፦ ጎሚኒውን መቀየር ብቻ ይበቃል?

የጣና ዳር ነጂ (ጠያቂ)፣ ግንቦት 12

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳት መኪና ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለች የጃፓን ሥሪት ስትሆን፣ ከገዛኋት አራት ዓመት ሆኖኛል። ጣሪያዋ ላይ በኤሌክትሪክ የሚንሸራተት ሰንሩፍ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ከፍቼ የተጠቀምኩበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቶም ያፏጫል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ስዘዋወር ምንም አይሰማኝም። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ በጎንደር መንገድ ከወጣሁና ፍጥነቴ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ከደረሰ በኋላ ቀጭን ፉጨት ይጀምራል፤ 90 ላይ ስደርስ ከጎኔ ከተቀመጠው ሰው ጋር ለመነጋገር ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንብናል። ሐሙሲትን አልፌ የፎገራ ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ስደርስ፣ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ማለትም ከግራዬ ስለሚመጣ ይብስበታል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ጠዋት ስሄድ ግን ቀለል ይላል።

መስታወቱን ዙሪያውን የከበበው ጎማ፣ በጋራዥ አጠራር ጎሚኒው፣ ደርቋል። ስዳብሰው ጥቁር ዱቄት ጣቴ ላይ ይቀራል፤ በግራ በኩል ባለው የፊት ማዕዘን ላይ ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለበት። አንድ ጋራዥ ወስጄ ባሳየው፣ ባለሙያው ገልጦ እንኳ ሳያይ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብተን እንዝጋው አለኝ። አንድ መለዋወጫ ሻጭ በበኩሉ የበር ጎማ በሜትር ቆርጬ ልስጥህ አለኝ። ሁለቱም ሐሳቦች አልተዋጡልኝም። ክረምቱ ደርሷልና የምታውቁ ብታስረዱኝ፦ ጎሚኒውን መቀየር ፉጨቱን በእርግጥ ያስቀረዋል? ሥራው በቤት የሚሠራ ነው? እስካሁን ውኃ አላስገባምና እስከ መስከረም ባቆየውስ ምን ጉዳት አለው?

አሮጌ ካቻቪቴ፣ ግንቦት 12

ሲሊኮኑን አለመቀበልዎ ትክክል ነው። በየሱቁ የሚሸጠውና ሲቀባ እንደ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ስለሚያወጣ፣ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ካገኘ ላሜራውን ለዝገት ይዳርገዋል። ከዚያም በላይ፣ ነገ ሰንሩፉ መከፈት ቢኖርበት መስታወቱን ከጣሪያው ለማላቀቅ ቀለሙን መላጥ ሊኖርብዎ ነው። የበር ጎማውም ቢሆን ቅርጹና ውፍረቱ የተለየ በመሆኑ መስታወቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሞተሩም ለመዝጋት ሲታገል ይቃጠላል ወይም መስታወቱ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ ጎሚኒ ከመግዛትዎ በፊት ነፋሱ የሚገባበትን ወይም የሚወጣበትን ቦታ ለይተው ቢያውቁ ይሻላል እላለሁ። «የሚወጣበትን» ያልኩት ሆነ ብዬ ነው፤ መኪና በፍጥነት ሲሄድ በጣሪያው ላይ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ከውስጡ ያነሰ ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ ፉጨቱን የሚፈጥረው በቀጭን ክፍተት በኩል ከውስጥ ወደ ውጭ እየተመጠጠ የሚወጣው አየር ነው። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ገዝተው በመስታወቱና በጣሪያው መካከል ያለውን መስመር በአራቱም ጎን ይሸፍኑትና ወደ ሐሙሲት አንድ ጊዜ ይንዱ። ፉጨቱ እንዳለ ከቀጠለ ሰንሩፉ ንጹሕ ነው፤ የበር ጎማ፣ የጎን መስታወት ወይም የፊት መስታወቱ ጠርዝ ይፈተሽ። ከጠፋ ደግሞ መኪናዋን ጥግ አስይዘው እያቆሙ ፕላስተሩን አንድ ጎን አንድ ጎን ይላጡ። የቱ ሲላጥ እንደተመለሰ ያኔ ያውቁታል።

ቀጥሎ የመስታወቱን ቁመት ይለኩ፤ በእኔ ልምድ ለፉጨት ከጎሚኒው እርጅና ይልቅ ይኸኛው ይበዛል። የመስታወቱ የፊት ጠርዝ ከጣሪያው ጋር እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊሜትር ዝቅ ያለ፣ የኋላው ጠርዝ ደግሞ እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊሜትር ከፍ ያለ መሆን ይገባዋል። የፊቱ ከፍ ካለ ነፋሱ ጠርዙን ይመታዋል፤ የኋላው ዝቅ ካለ ደግሞ መስታወቱን ተሻግሮ የመጣው ነፋስ ከጣሪያው ላሜራ ጋር ይጋጫል። መለኪያ ከሌለዎት የኤቲኤም ካርድ ይጠቀሙ፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። የእርስዎ ፉጨት ነፋሱ ከግራ ሲመጣ መባሱና ስንጥቁም በግራ የፊት ማዕዘን መሆኑ፣ ያ ማዕዘን ከፍ ብሎ ይሆናል ብዬ እንድጠረጥር አድርጎኛል።

የጎሚኒውን አያያዝ ለማወቅ ደግሞ የአሥር ብር ኖት ጠርዙ ላይ አድርገው ሰንሩፉን ይዝጉበትና ቀስ ብለው ይሳቡ። እየተቸገረ ከወጣ ደህና ነው፤ እንደ ቅቤ ላይ ቢላ ሾልኮ ከወጣ በዚያ ቦታ ጎሚኒው አይነካም ማለት ነው።

ስለ መስከረሙ ጉዳይ ግን ልቆጣ ነው። የሰንሩፍ ጎሚኒ እንደ ጠርሙስ ክዳን ውኃን ፈጽሞ እንዲያግድ ተደርጎ አልተሠራም። አብዛኛውን ይመልሳል፤ አልፎ የገባው ከመስታወቱ ሥር ባለው አሸንዳ ይሰበሰብና፣ በማዕዘኖቹ ላይ በተገጠሙ ቀጫጭን ቱቦዎች በመኪናዋ ምሰሶዎች ውስጥ ወርዶ መሬት ላይ ይፈስሳል። እስካሁን ውኃ አለመግባቱ ቱቦዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ስለሆነ እንጂ ጎሚኒው ስለሚችል አይደለም። ጃካራንዳ ሥር መኪና ማቆም ልማድዎ ከሆነ (ባሕር ዳር ላይ ይህን የማያደርግ ማን አለ?) አበባው አሸንዳው ውስጥ በስብሶ ጭቃ ይሆናል፤ ቱቦው በተደፈነ ማግሥት የሐምሌ ዝናብ የጣሪያውን ጨርቅ ያረጥበዋል፣ ከእግርዎ ሥር ያለው ምንጣፍም ይሸታል።

ቤዛዊት፣ ግንቦት 13

አንድ ነገር ልጨምር። የእኔም መኪና ለአንድ ዓመት ያህል እንዲሁ ስታፏጭ ከቆየች በኋላ ጥፋተኛው ፖርቶመጋላው፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ሆኖ ተገኘ፤ የብረቱ ጫፍ ላይ የነበረው የፕላስቲክ ክዳን ወድቆ፣ ባዶው ቀዳዳ እንደ ዋሽንት ይነፋ ነበር። እርስዎም ካለዎት ከፕላስተሩ በፊት እሱን ይፈትሹ።

ከዘጌ መንገድ፣ ግንቦት 14

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ጎሚኒ ቤቴ በር ላይ ቀይሬዋለሁና የተሳሳትኩትን ጭምር ልንገርዎ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልኬ ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ጎሚኒ አስገዛሁ። ርካሽ ነበር፤ ግን ከእኔው እኩል ፀሐይ የበላው ስለነበር ስጭነው ተመልሶ አይነሣም፣ ሠርቶ ስድስት ወር አልቆየም። ጎሚኒ አዲሱን እንጂ ያገለገለውን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሲያዝዙም የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይስጡ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ጎሚኒው ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተጋገረ ስለሆነ ለብቻው አይሸጥም።

ሥራው በቤት ይሠራል፤ ሁለት ሰው ግን ይፈልጋል። ሰንሩፉን የኋላ ጫፉ ብቻ ከፍ እንዲል አድርገው ሲያቆሙት በግራና በቀኝ ያሉት የፕላስቲክ ሽፋኖች ይንሸራተቱና መስታወቱን የያዙት ብሎኖች ይታያሉ። ከመፍታትዎ በፊት የብሎኖቹን ቦታ በእርሳስ ወይም በምስማር ጫፍ ጭረት ምልክት ያድርጉበት፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ቁመቱን እንደገና ለማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። መስታወቱን ወደ ላይ አውጥተው ብርድ ልብስ ላይ ያስቀምጡ። አሮጌው ጎሚኒ ሲላቀቅ የሚቀረውን ሙጫና አፈር በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱና ጎድጓዳውን በአልኮል ይጥረጉ፤ ቤንዚን አይጠቀሙ።

አዲሱን መግጠም የሚጀመረው ከኋላው ጠርዝ መሐል ነው፤ ጎሚኒው መገጣጠሚያ ካለው ያ መገጣጠሚያ ነፋስ በማይመታው በኋላ በኩል መዋል ስላለበት ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ሲደርሱ እጅዎ ሳያውቅ መሳብ ይጀምራል፤ ይህን ይጠንቀቁ። የተሳበ ጎሚኒ በዚያን ቀን ያማረ ይመስላል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ወደ ልኩ ሲመለስ መገጣጠሚያው ላይ የእህል ፍሬ የምታህል ክፍተት ይተዋል፤ ፉጨቱም እንደገና ይመጣል። ይልቁንስ በየጥቂቱ ወደተገጠመው ክፍል መልሰው እየገፉ፣ ጠቅ ብሎ እስኪገባ በአውራ ጣት ይጫኑት። አምራቹ ካላዘዘ በቀር ማስቲሽ አይቀቡ። ላቫጆ ቤትም ለጥቂት ቀናት ባይወስዷት ይመረጣል፤ ሁልጊዜም ቢሆን የግፊት ውኃውን ጠርዙ ላይ እንዳያነጣጥሩ ይንገሯቸው። ሲጨርሱ ቫዝሊን በስሱ ቢቀቡት ይለሰልሳል።

አሮጌ ካቻቪቴ፣ ግንቦት 14

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ከወንድሜ አልስማማም፤ የቀረውን እንዳለ እፈርምበታለሁ። አብዛኛው የሰንሩፍ ጎሚኒ የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባለው ጎማ ሲሆን፣ ይህ ጎማ ፀሐይንና ውኃን ቢችልም ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ቅባት ግን ያሳብጠዋል፤ ቫዝሊንም ግሪስም ከዚያው ወገን ናቸው። የሲሊኮን ቅባት ይፈልጉ። ይህ ከላይ ካወገዝኩት የሚደርቅ ሲሊኮን ጋር በስም እንጂ በግብር አይገናኝም።

የጣና ዳር ነጂ (ጠያቂ)፣ ሰኔ 4

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፖርቶመጋላ የለኝም። ፕላስተሩን ለጥፌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎገራ ድረስ ስነዳ መኪናዋ ጸጥ አለች፤ ባለቤቴ ሬዲዮው የተበላሸ መስሏት ነበር። የኋላውንና የቀኙን ስልጥ ለውጥ የለም፤ የፊተኛውን ከግራ ጫፍ አንድ ጋት ያህል ስገልጠው ግን ፉጨቱ ወዲያው ተመለሰ። ካርዱን ሳስጠጋ፣ የግራው የፊት ማዕዘን ከጣሪያው በላይ በካርዱ ውፍረት ልክ ከፍ ብሏል። ምልክት አድርጌ የዚያን ጎን ብሎኖች አላልቼ ዝቅ ካደረግሁት በኋላ፣ ጎሚኒው ገና አሮጌው እያለ ፉጨቱ ጠፋ። አሁን 90 ላይ የሚሰማኝ በስንጥቁ በኩል የሚወጣ ለስላሳ ሽውታ ብቻ ነው፤ የአሥር ብሩም ኖት እዚያ ቦታ ላይ ያለ ምንም ችግር ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ አዲሱን ጎሚኒ በሻንሲ ቁጥሩ አዝዤ እየጠበቅሁ ነው።

አሸንዳውን ከፍቼ ሳይ፣ ከቀኝ የፊት ማዕዘን ጥቁር ጭቃ የሆነ የጃካራንዳ አበባ በሻይ ማንኪያ ለቅሜ አወጣሁ። ከጎሚስታ የኮምፕሬሰር አየር ላስነፋበት አስቤ ነበር፤ ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ሊያላቅቀው ይችላል ብዬ ተውኩትና፣ ከሐይቁ ዳር ካሉ ዓሣ አጥማጆች ወፍራም የናይሎን ገመድ ገዝቼ ቀስ እያልኩ አሾለክሁበት። አሁን አንድ ብርጭቆ ውኃ ስጨምርበት ከፊተኛው ጎማ ኋላ ይንጠባጠባል። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ቱቦዎች ግን ውኃውን ይውጡት እንጂ የት እንደሚያፈስሱት አላየሁም። የሚያውቅ አለ?

አሮጌ ካቻቪቴ፣ ሰኔ 4

ከኋላው መከላከያ ጀርባ ወይም ከኋላው ጎማ ፓራፋንጎ አጠገብ ይፈልጉ። ሌላ ሰው ውኃውን እያፈሰሰልዎ እርስዎ በባትሪ ከሥር ይመልከቱ፤ ጠብታ ካጡ የባጋዡን ምንጣፍ አንሥተው እርጥበት መኖሩን በእጅዎ ይዳስሱ።