የላይ ቤት ፈሰስ፣ የታች ቤት ጎርፍ፦ ፈሰስ ይከልከል ወይስ አይከልከል?

አወያዩ፦ እንዴት ከረማችሁ። ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጥቶ ሰፈራችንን ሲደበድበው አመሸ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ታች ቤት ግን የሁለት አባወራ ጤፍ ደለል ለብሷል፣ ወንዙ ዳር የነበረ አንድ በረት ሄዷል፣ ሦስት በግም አብሮ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የታች ቤት ሰዎች ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረዋል፤ «የጨረሰን የላይ ቤት ፈሰስ ነው፣ ቀበሌው በቅጣት ይከልክልልን» የሚል። ከተማ ለተወለዳችሁ፦ ፈሰስ ማለት ገበሬው ከዘራ በኋላ ትርፍ ውሃ እንዲወጣለት ማሳውን በሰያፍ፣ ከሌላው ትልም ጠለቅ አድርጎ በማረሻ የሚያወጣው መፋሰሻ ነው። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ተዳፋት ላይ ፈሰስ ማውጣት ይከልከል ወይስ አይከልከል? ዘመዳሞች ነን፤ ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

የታች ቤቷ፦ ይከልከል። የተበላው የእናቴ ማሳ ስለሆነ እኔ ልጀምር። በማግሥቱ ከባሕር ዳር ደረስኩ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማሳው ዳር ቆማለች፣ ሰው እንደሞተባት። ቀዩን ደለል በእጄ ብዝቀው እስከ ክርኔ ገባ፤ ከሥሩ ያወጣሁት የጤፍ ቡቃያ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆኗል። እዚያው ጭቃ ውስጥ ሌላ ምን አገኘሁ? ድንች። አንድ ሳፋ ሙሉ ለቀምኩ። እኛ ታች ቤት ድንች ተክለን አናውቅም፤ ድንቹ ደግሞ እግር አውጥቶ አልመጣም። መንገዱን ተከትዬ ወጣሁ። የአምስት ማሳ ፈሰስ ተሰብስቦ አንድ ድንበር ላይ ይወድቃል፤ ያ ድንበር ዛሬ ሰው ቢገባበት ራሱ የማይታይ ቦረቦር ሆኗል። ልጅ ሳለሁ ከብት ስጠብቅ በአንድ እግሬ እዘለው ነበር።

የላይ ቤቱ፦ የሚጽፍልኝ ልጄ ነው፤ እኔ እየነገርኩት። ልጄ፣ ለእናትሽ አዝኛለሁ። ያን ዕለት ጠዋት አካፋ ይዤ ወርጄ አብሬያችሁ ጭቃ ስዝቅ ውያለሁ፤ ይህን አልጻፍሽም። ፈሰሱን ለተንኮል የማወጣው አስመሰልሽው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያባራ አሥር ቀን ሲከርም ገብስ ሥሩ ውሃ ከቋጠረ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ብታደርጊለት አይነሳም። ድንቹማ ይበሰብሳል። ፈሰስ የማያወጣ ገበሬ ሰነፍ ይባላል፤ አባቴም አያቴም ሲያወጡ ነው ያየሁት። ደግሞ የዚያን ሌሊቱ ውሃ በፈሰስ የሚመራ ውሃ አልነበረም። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ከምሮ፣ ትልሙንም ፈሰሱንም ደፍኖ፣ በላዩ ላይ ነው የሄደው። የኔም የድንች መደብ እኮ ነው ተገልብጦ የሄደው፤ ለምን እኔ ብቻ በዳይ እሆናለሁ? አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ አለች አህያ።

የታች ቤቷ፦ አያ፣ በአክብሮት፤ ተረቱን አስተውለው ይንገሩን። ከላይ ቆሞ ውሃ የሚጠጣው ጅቡ ነበር። አህያዋማ ከታች ነበረች።

የሞጣው፦ 😂 ይህቺን ወስጃታለሁ።

የአፈር ሰው፦ ሥራዬ አፈርና ውሃ ጥበቃ ነው፤ ሁለታችሁም የምታወሩት እውነቱን ነው፣ ችግሩም እሱ ላይ ነው። ፈሰስ ውሃውን ከራስ ማሳ ያስወጣል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ዘቅዛቃ ሆኖ ከወጣ ራሱ አፈሩን እየቆረጠ ይወርዳል። ለጥ ካለ ደግሞ ደለል ሞልቶት ይገነፍላል። መሐል ላይ ማግኘት የገበሬው ዓይን ነው፤ የዓይኑን ልክ እኔም አደንቃለሁ። ግን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ማሳ በትክክል ያወጣው ፈሰስ አምስት ሆኖ አንድ ድንበር ላይ ሲገናኝ ከታች ያለው ሰው የሚያየው ወንዝ ነው።

«እርከን ይሠራ» ለሚሉ አንድ ነገር ልጨምር። ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ፤ በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተከፈተበት። እዚያ የተሠራው ፋንያ ጁ ነው፤ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ የሚጥለው የእርከን ዓይነት፤ ስሙም ከስዋሂሊ የመጣ ነው። አፈሩ ከክትሩ ጀርባ እየተጠራቀመ ዳገቱን ቀስ በቀስ ወደ ደረጃ ለውጦታል። ሄዳችሁ ብታዩት ጥሩ ነው። ግን አንጀኒን አይተን መጥተን እርከኑን ብቻ ቀዳነው፤ ትርፍ ውሃው የሚወርድበትን መውረጃ ረሳነው። መውረጃ የሌለው እርከን በደህና ቀን ውሃ ይይዛል፤ እንደዚያ ሌሊት ያለ ዝናብ ሲመጣ ግን በደከመው ጎኑ ይበጠስና የያዘውን ሁሉ ባንዴ ይለቀዋል። ያ ከፈሰስ ይብሳል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ነው በዘመቻ የሠራነውን እርከን በማግሥቱ በፈሰስ የሚበጥሰው። እኛ «አፈረሰው» ብለን እንጽፋለን። (ጽፌያለሁ፣ እኔም።)

ጠበቃው፦ ስለ ሕጉ ላስታውስ። በ1997 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ደግሞ አመታዊ ሰብል እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ እርከን ካልተሠራ እንዳይዘራ ይል ነበር። 60 በመቶ ማለት 100 ሜትር ወደ ፊት ስትሄድ 60 ሜትር ትወጣለህ ማለት ነው። ያ አዋጅ በ2016 በአዲስ ተተክቷል፤ የምለው ግን የላይ ቤት አንዳንዱ ማሳ ከ20 ዓመት በፊት በወጣ ሕግ ሲለካም እንዲያ ሊታረስ አይገባውም ነበር። ስለ ፈሰስ የምንከራከረው ትልቁን ጥያቄ ትተን ነው።

የሞጣው፦ ትልቁ ጥያቄ ምንድን ነው? ሰውየውን ከመሬቱ አንሣው? ጠበቃ፣ አንተ የምታወራው በወረቀት ነው። የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር ጊዜ መሬት ይለካ ሲባል እዚህ አገር የተነሣውን አመፅ አያቶቻችን ነግረውናል። ለጎጃም ገበሬ ሜትር ይዘህ አትምጣበት።

የላይ ቤቱ፦ ስለ ዳገቱ ከተነሣ እኔም ልናገር፤ እስካሁን ዝም ያልኩት ለሰላም ብዬ ነው። እኔ ዳገት ወድጄ አልወጣሁም። እስከ 1989 የማርሰው ሜዳውን ነበር። በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ሜዳዬ ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ፤ ለኔ የደረሰኝ እላይ፣ ድሮ ጥሻ የነበረው፣ ከብት የምናሰማራበት ነው። ሜዳዬ ለማን ደረሰ? ልጄ፣ እናትሽ ዛሬ ጤፍ የምትዘራበት ማሳ ነው። ይህን የምነግርሽ ቂም ይዤ አይደለም፤ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ወዳጄ ነበር፣ ክርስትና ተነሺነት አለን። ማሳውን ግን ካንቺ ይልቅ አውቀዋለሁ። ያኔም በቀኝ ጥጉ፣ በዋርካው በኩል፣ ውሃ ይገባ ነበር፤ ጥሻው ከላይ ስለነበረ ነው ውሃው እየቀዘቀዘ የሚደርሰው። ጥሻውን ማን መነጠረው ካላችሁኝ እኔ ነኝ። ስድስት ልጅ በምን ላሳድግ?

የታች ቤቷ፦ ይህን አላውቅም ነበር። እናቴም ነግራኝ አታውቅም።

ባለ ሲኖትራኩ፦ እኔ ደጀን–ጎሐ ጽዮን የምመላለስ ሹፌር ነኝ። ዓባይ በረሃን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው ሳምንት ቀጥ ያለ አስፋልት ዛሬ እንደ ግመል ጀርባ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከሥሩ ተራራው ራሱ ይንሸራተታል። ጃፓኖች አዲሱን ድልድይ ሠሩልን፣ መንገዱም ስንት ጊዜ ተጠገነ፤ ክረምት ሲመጣ ያው ነው። እዚያ የሚሠሩትን ልጆች «ምንድን ነው መድኃኒቱ?» ብዬ ብጠይቅ መጀመሪያ የሚነግሩኝ ያው ነው፦ የመንገዱ ዳር ቦይ አይደፈን። አስፋልት ያነጠፈ እንኳ ስለ ቦይ ነው የሚያወራ፤ እናንተ ቦይ ይከልከል ትላላችሁ።

ሌላው፣ እሱም ዋናው። ያን ሌሊት በጉን እናድን ብላችሁ አሥራ ምናምን ሰው ባትሪ ይዛችሁ የተናደው ዳገት ሥር ገባችሁ አሉ። ተው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን አስቡ፤ መሬቱ መጀመሪያ ጥቂት ቤት ነው የተጫነው። ጎረቤት ሊቆፍር ሊያወጣ ሲሮጥ ዳገቱ ሁለተኛ ተናደበት። ከ200 ሰው በላይ ያለቀው እንዲያ ሆኖ ነው፤ ብዙው ሊረዳ የመጣ ሰው ነበር። ኡኡ ሲባል መሮጥ ባህላችን ነው፣ ያኮራል። ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ከላይ ቆሞ ዳገቱን ይይ፤ መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፉ ከዘመመ፣ ምንጭ ባልነበረበት ጭቃ ውሃ ከወጣ ማንም አይግባ። በግ ይተካል።

ተማሪዋ፦ በረዶውንስ ማን ይከልከለው? ፈሰስ ኖረም አልኖረም ስንዴውን እንደ በሶ የወቀጠው እሱ ነው። ብዙው ጎጃም «ትርፍ አምራች» ስለሚባል እኛ ጋ የሴፍቲኔት እርዳታ የለም፤ በረዶ የመታው ገበሬ ዘር ተበድሮ፣ ሽምብራ ወይም ጓያ መሬቱ እርጥብ ሳለ ካልዘራ አለቀለት። ፊርማ ከተሰበሰበ ለዘር ይሰብሰብ።

አወያዩ፦ ተማሪዋ ያለችው ለብቻው ይያዝ፤ ነገ አነሣዋለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው። የ«ጅብ» ቀልድ ከዚህ በላይ እንዳይሄድ፤ ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ። የአፈር ሰው፣ በአጭሩ፦ ፈሰስ ካልተከለከለ ምን ይደረግ?

የአፈር ሰው፦ የጋራ መውረጃ። ያንን የድንበር ቦረቦር ውሃ እንደሚሄድበት ተቀብሎ ሰፋ ማድረግ፣ ጎኑን ማጋደም፣ በየመሐሉ ድንጋይ ካብ ማድረግ፣ ሰርዶ ማልበስ። ከዚያ የሁሉም ፈሰስ እዚያ ይግባ፤ እርከኑም ትርፉን እዚያ ይጣል። ያለ እሱ ክልከላው ሰውን ሌሊት እያደባ ፈሰስ እንዲያወጣ ነው የሚያደርገው። ችግሩ ቴክኒኩ አይደለም። መውረጃው ቢያንስ አራት ክንድ ስፋት ይፈልጋል፤ ከሁለቱም ወገን መሬት ይበላል። ሃያ ዓመት በሥራ ላይ ያየሁት እዚህ ላይ ሲደርስ ስብሰባው እንደሚበተን ነው። ጥማድ መሬት ለሦስት ልጅ ለሚከፍል ሰው ክንድ መሬት ቀላል አይደለም።

የላይ ቤቱ፦ እኔ ሁለት ክንድ እሰጣለሁ። ቃሌ ነው፣ ልጄ ጽፎታል። አጎራባቾቼን እኔ አነጋግራለሁ፤ አንዱ አስቸጋሪ ነው ግን አበልጄ ስለሆነ እችለዋለሁ። ታች ቤትም ሁለት ክንድ ይስጥ። ፊርማውም ይቁም፤ በፊርማ የመጣ ነገር በፊርማ አይመለስም። ድንቹን ደግሞ ሳፋውን ይዛችሁ መልሱልኝ፣ ለዘር እፈልገዋለሁ።

የታች ቤቷ፦ ድንቹ ተቀቅሎ ተበልቷል አያ፣ ይቅርታ። ፊርማውን በተመለከተ የእናቴን አወጣለሁ፤ የሌላውን ማዘዝ አልችልም። ሁለት ክንዱ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሁን ደውዬ ጠይቄያት ነበር። በዚያ በኩል ድንበሩ ላይ የቆመው የጌሾ መስመሯ ነው፤ ለጠላ የምትሸጠው፣ የኔ የትምህርት ቤት ደብተር የተገዛበት። «ጎርፉ እንኳ እሱን አልነካውም» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

የላይ ቤቱ፦ ቅዳሜ ቡና ታፍላ። እኔ እመጣለሁ፣ ብቻዬን።