የማስተዋወቂያ ኢሜይሎቼ ለምን አይነበቡም?

ባለ ቦርሳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በእጅ የተሰፉ የቆዳ ቦርሳዎች የምሸጥበት አነስተኛ የኦንላይን ሱቅ አለኝ። የምሠራው ብቻዬን ስለሆነ ስፌቱም፣ ፎቶ ማንሣቱም፣ ደንበኛ ማስተናገዱም የእኔው ኃላፊነት ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የ600 ያህል ሰዎች የኢሜይል አድራሻ ሰብስቤያለሁ፤ ከፊሎቹ ከዚህ ቀደም የገዙ፣ ከፊሎቹ በድረ ገጹ ላይ የተመዘገቡ፣ የቀሩት ደግሞ በአንድ ወቅት ዋጋ ጠይቀውኝ የመለስኩላቸው ናቸው። በየወሩ መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኢሜይል እልካለሁ። ርዕሱ ብዙውን ጊዜ «ታላቅ ቅናሽ! እንዳያመልጥዎ!!!» የሚል ሲሆን፣ ውስጡ ስለ ሱቄ ጥራት የሚያስረዳ አንድ አንቀጽና የ9 ቦርሳዎች ምስል ከነዋጋቸው የተቀናበረበት አንድ ትልቅ ፎቶ ይገኝበታል።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የሚገዛ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ወር ደግሞ አንዲት ተቀባይ «አድራሻዬን ከየት አገኙት?» ብላ ጻፈችልኝ፤ ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰውን ማሰልቸት ፈጽሞ አልፈልግም፤ ሳላስተዋውቅ መሸጥም አልችልም። ኢሜይሉ ምን ዓይነት ይዘት ሊኖረው ይገባል? ርዝመቱስ ምን ያህል ይሁን? ቅናሽ የሌለበት ኢሜይል መላክስ ጥቅም አለው?

ደብዳቤ ወዳድ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአነስተኛ ሱቆች የሽያጭ ደብዳቤ መጻፍ ለረጅም ጊዜ መተዳደሪያዬ ስለሆነ ጥያቄዎን በልዩ ትኩረት አነበብኩት። ከጽሑፉ በፊት የተቀባዮቹ ዝርዝር መታየት አለበት። ያቺ ደንበኛ ያነሣችው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዋጋ የጠየቀ ሰው የፈለገው ለጠየቀው መልስ እንዲያገኝ እንጂ በየወሩ ማስታወቂያ እንዲደርሰው አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የፀረ ስፓም (ያልተፈለገ የማስታወቂያ መልእክት) ሕግ ይህን ልዩነት በግልጽ አስቀምጦታል፦ ዕቃ የገዛ ሰው በቃል ባይናገርም እንደፈቀደ የሚቆጠረው ለ2 ዓመት ሲሆን፣ ጥያቄ ብቻ ያቀረበ ሰው ግን ለ6 ወር ነው። ሕጉ እርስዎን ባይመለከት እንኳ ልኬቱ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ስለዚህ የቆዩትን ጠያቂዎች ከዝርዝሩ ያውጧቸው፤ ለቀሩትም በኢሜይሉ ግርጌ «ይህ መልእክት የደረሰዎ ከሱቃችን ስለገዙ ወይም በድረ ገጻችን ስለተመዘገቡ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጻፉላቸው።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ ትልቁ ችግር በአንድ ኢሜይል 9 ቦርሳ ማቅረብዎ ነው። አንባቢው ኢሜይሉን የሚከፍተው በሌላ ሥራ መካከል ስለሆነ 9 ነገር አመዛዝኖ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም፤ አንድ ቦርሳ ቢያቀርቡለትና ያ ቦርሳ ለማን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚይዝ፣ ከሌላው በምን እንደሚለይ በአምስትና በስድስት ዐረፍተ ነገር ቢነግሩት ግን እስከ መጨረሻው ያነበዋል። ስለ ሱቅዎ ጥራት የጻፉትን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ያስወግዱት። «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለውን ሐረግ ሁሉም ሻጭ ስለሚጽፈው ለአንባቢው ምንም አይነግረውም፤ «ማንጠልጠያው የተያያዘበት ቦታ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል» ካሉት ግን ጥራቱን ራሱ ይረዳዋል።

ርዕሱን በሚመለከት፣ እኛ በአማርኛ ስንጽፍ ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የእኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ረጅም ርዕስ በስልክ ላይ ሲቆረጥ የሚጠፋው ዋናው ሐሳብ ነው። «ውድ ደንበኞቻችን ለረጅም ጊዜ ስትጠይቁን የነበረው ቡናማ ቦርሳ...» ብሎ የቀረ ርዕስ ቦርሳው ይምጣ ወይም ይቅር አያስታውቅም። ስለሆነም የዕቃውን ስም ከፊት አስቀድመው በአራትና በአምስት ቃላት ይጨርሱት። ከርዕሱ ቀጥሎ በፈዘዘ ቀለም የምትታየው መስመርም ከኢሜይሉ የመጀመሪያ ቃላት የምትወሰድ ስለሆነች፣ ሰላምታውን አሳጥረው ቶሎ ወደ ነገሩ ቢገቡ ይጠቅማል።

ሌላው የአነጋገር ጉዳይ ነው። «እናንተ» ብለው ሲጽፉ ጽሑፉ በአደባባይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይመስላል፤ «አንተ» ወይም «አንቺ» ለማለት ደግሞ የተቀባዩን ጾታ ማወቅ ያስፈልጋል። «እርስዎ» ይህን ሁሉ ያቃልላል፤ ተቀባዩም ለእርሱ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ እንደደረሰው ይሰማዋል። በእኔ እምነት ሰውን በሚገባው አክብሮት መጥራት የሽያጭ ዘዴ ከመሆኑ በፊት ግዴታችን ነው።

የሰርቨር ሰው፦

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ኢሜይሉ መልካም ሆኖ ተጽፎ እንኳ ወደ ስፓም ሳጥን የሚገባ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የሚልኩት በነጻ ከተከፈተ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ከሆነ፣ በሱቅዎ ዶሜይን (የድረ ገጽዎ መጠሪያ) ስም የተከፈተ አድራሻ ያዘጋጁ። ከዚያም የዶሜይን አገልግሎት ሰጪዎ ሦስት ነገሮችን እንዲያስተካክልልዎ ይጠይቁ። ኤስፒኤፍ (SPF) በስምዎ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች፣ ማለትም ኢሜይል የሚያስተላልፉ ኮምፒውተሮች፣ ይዘረዝራል፤ ዲኪም (DKIM) በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል፤ ዲማርክ (DMARC) ደግሞ መልእክቱ በእነዚህ ሳይረጋገጥ ሲቀር ተቀባዩ ሰርቨር ምን ማድረግ እንዳለበት ያመለክታል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ኢሜይል ወደ ጂሜይል የሚልኩትን ሦስቱንም እንዲያሟሉና ተቀባዩ በአንድ ንክኪ ከዝርዝሩ የሚወጣበትን መንገድ እንዲያበጁ አስገድዷል። እርስዎ እዚያ ቁጥር ላይ ባይደርሱም አሁኑኑ ቢያሟሉት ይሻላል።

ጉግል «ስፓም ነው» የሚለው የተቀባዮች አቤቱታ ከ0.3 በመቶ እንዳይደርስም ያሳስባል። ለማነጻጸር ያህል፣ ከ600 ተቀባዮች 2 ሰዎች ብቻ ያንን ምልክት ቢነኩ ከዚህ መጠን አልፈዋል። ከዝርዝሩ መውጫውን ሊንክ በጥቃቅን ፊደል መደበቅ ጉዳቱ ለዚህ ነው፤ መውጫ ያጣ ሰው የሚነካው የስፓሙን ምልክት ነው።

ሁሉንም ነገር በአንድ ፎቶ ማቀናበሩንም ይተዉት። ተቀባዩ ምስል እንዳይከፈት አድርጎ ከሆነ የሚያየው ባዶ ገጽ ነው፤ ዐይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የማንበቢያ ሶፍትዌርም ፎቶ ላይ የሰፈረን ጽሑፍ በትክክል ላያነብ ይችላል። ጽሑፉ ጽሑፍ ይሁን፤ ፎቶውም ምን እንደሚያሳይ የሚገልጽ አጭር ቃል በኢሜይሉ ኮድ ውስጥ ይኑረው። በመጨረሻም ስንት ሰው እንደከፈተው የሚያሳየውን ቁጥር ብዙ አይመኑት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አፕል ባስተዋወቀው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ማንም ሳያነባቸው እንደተከፈቱ የሚቆጠሩ ኢሜይሎች አሉ። ሊንኩን የነኩትንና መልስ የጻፉልዎትን ይቁጠሩ።

የሸክላ ሥራ፦

ስለ ቅናሹ ያልተመለሰ ጥያቄ ስላለ እኔ ከገጠመኝ ልናገር። የሸክላ ዕቃዎቼን በየወሩ በቅናሽ አስተዋውቅ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ደንበኞቼ በመደበኛው ዋጋ መግዛት አቁመው የወሩን መጀመሪያ መጠበቅ ጀመሩ። አሁን ቅናሽ የማደርገው ምክንያት ሲኖረኝ ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም በግልጽ እጽፋለሁ፦ ቀለሙ ከታሰበው ወጣ ያለ ሲሆን፣ ወይም ያንን ቅርጽ መሥራት ሳቆም። በሌላው ጊዜ የምልከው ስለ አዲስ ሥራ ወይም ስለ ዕቃው አያያዝ ነው። የሚሸጥ ነገር ባይኖረውም ብዙ መልስ ያመጣልኝ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ እንዴት እንደሚጠገን የጻፍኩት ኢሜይል ነው። በቆዳም ብዙ የሚጻፍ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ውኃ የነካው ቆዳ እሳት ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ እንዳይደርቅ ብቻ ቢያስረዱ ደንበኛዎን ይጠቅሙታል።

ድግግሞሹን በተመለከተ ግን ወር ስለገባ ብቻ እንዳይልኩ እመክራለሁ። የሚነገር ነገር ከሌለ ወሩ ይለፍ።

ባለ ቦርሳዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዋጋ ጠያቂዎቹን በሙሉ አውጥቼ ዝርዝሩ ወደ 410 ዝቅ ብሏል፤ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢለኝም አሁን ለማን እንደምጽፍ አውቃለሁ። የሚከተለውን አርቅቄያለሁ፤ እባካችሁ ተመልከቱልኝ።

ርዕስ፦ ላፕቶፕ የሚይዘው ቡናማ ቦርሳ ተመልሷል

«ጤና ይስጥልኝ። ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው የጠየቀኝን ቡናማ ቦርሳ እንደገና ሰፍቻለሁ። የውስጥ ኪሱ እስከ 14 ኢንች የሚደርስ ላፕቶፕ ይይዛል። የቀድሞው ማንጠልጠያ ትከሻ እንደሚቆረቁር ስለነገራችሁኝ በ1 ሴንቲ ሜትር አስፍቼዋለሁ። የተሰፉት 12 ሲሆኑ፣ ሲያልቁ ቀጣዮቹ የሚደርሱት ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። እዚህ ይመልከቱ። ጥያቄ ቢኖርዎ ለዚህ ኢሜይል መልስ ይጻፉ፤ የማነበው እኔ ነኝ።»

ደብዳቤ ወዳድ፦

በጣም ጥሩ አድርገው ጽፈውታል፤ በተለይ የማንጠልጠያው ነገር እውነተኛና ማንም ሌላ ሻጭ ሊጽፈው የማይችል ስለሆነ እንዳይነኩት። ሁለት ቃላት ብቻ ያስተካክሉ። «ስለነገራችሁኝ» የሚለው «እርስዎ» ብለው ከሚያነጋግሩት ሰው ጋር አይሄድም፤ ደግሞም ያልነገሩዎት ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ «አንዳንድ ደንበኞች ስለነገሩኝ» ይበሉት። «እዚህ ይመልከቱ» የሚለውም «የቡናማውን ቦርሳ ፎቶና ዋጋ ይመልከቱ» ቢባል ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ ሰው ሳይነካው ያውቃል። 12ቱ እስኪያልቁ ድረስም በየሰዓቱ ቁጥሩን እየተከታተሉ ማስታወሻ አይላኩ። ከመላክዎ በፊት ለራስዎ አድራሻ ልከው በስልክዎ ላይ ይክፈቱት፤ ሊንኩንም ነክተው ትክክለኛው ገጽ ላይ እንደሚያደርስዎ ይዩ።