«የሶም ጦርነት» ፊልም፦ የቱ እውነተኛ፣ የቱ የተቀናበረ ነው?

ፍኖት፦
ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916 እ.ኤ.አ.፣ ለሕዝብ ያሳዩትን «የሶም ጦርነት» የተባለ ድምፅ አልባ ዘጋቢ ፊልም በቅርቡ ተመለከትሁ። ወታደሮቹ ከምሽግ ዘለው ወደ ጠላት የሚሮጡበት ክፍል ሆን ተብሎ የተቀናበረ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ የቀረውን ማመን ይቻላል? በምንስ ይለያል?

አድማስ፦
ያ ክፍል ከግንባሩ ርቆ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ፖል አጠገብ በነበረ የሞርታር ማሠልጠኛ የተቀረጸ ነው ተብሎ ይታመናል። አስቀድመው ካሜራው የት እንደቆመ ይመርምሩ። መሣሪያው በሦስት እግር ላይ ተተክሎ በእጅ እየተሽከረከረ የሚሠራ ከባድ ዕቃ ስለነበር፣ ጥይት በሚዘንብበት ሜዳ በተጋለጠ ቦታ ተረጋግቶ መቅረጽ የማይታሰብ ነበር። ከዚያም ትጥቁን ይመልከቱ፤ የሚሮጡት ሰዎች ጓዛቸውን አልያዙም። ይባስ ብሎ «ከሞቱት» አንዱ እግሩን ያነባብራል!

ቀመር፦
በአንጻሩ እንግሊዞች በጀርመኖች ምሽግ ሥር ቀብረው ያፈነዱት የሆውቶርን ኮረብታ ፍንዳታ ጥርጥር የለውም። ከፊልሙ ቀራጮች አንዱ ጄፍሪ ማሊንስ ሰኔ 24 ቀን (በፈረንጆቹ ጁላይ 1) ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 1፡20 የፈነዳውን ፈንጂ ለመቅረጽ ካሜራውን አስቀድሞ ማሽከርከር ጀመረ፤ ፍንዳታው ሲዘገይም ፊልሙ እንዳያልቅበት እጅግ መጨነቁን ጽፏል። በቦሞን ሀሜል አቅራቢያ በጎድጓዳው መንገድ ተኮልኩለው የማጥቂያውን ሰዓት የሚጠባበቁት የላንክሻየር ወታደሮችም እውነተኛ ናቸው። በዚያ ቀን ብቻ 19,240 የብሪታንያ ወታደሮች ሞተዋል።

ዳገት፦
እኔ ግን ክርክሩ ሁሉ በዚያ አጭር ክፍል ላይ መወሰኑ አይጥመኝም። ማሊንስና ጆን ማክዳውል ከቀረጹት አብዛኛው የወታደር ኑሮ ነው፦ ሰልፍ፣ የመድፍ ጥይት ማራገፍ፣ ምርኮኞች፣ ካሜራውን አይተው ባርኔጣ የሚያወዛውዙ ጎረምሶች። አንድ ወታደር የቆሰለ ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ በምሽጉ ውስጥ ሲያልፍ ዓይኑን ወደ እኛ ያነሣል፤ የተጻፈው መግለጫም ቁስለኛው ምሽግ ከደረሰ ከ30 ደቂቃ በኋላ መሞቱን ይናገራል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ትኬት የተሸጠው የልጆቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ፊት ፍለጋ በሚጎርፉ ሰዎች ጭምር ይመስለኛል።

ፍኖት፦
አመሰግናለሁ። ሰልፈኞቹ ግን እንደሚዘሉ ሆነው የሚታዩት ለምንድን ነው?

ቀመር፦
በሰከንድ ወደ 16 ምስል ገደማ የተቀረጸው በ24 ሲታይ ይፈጥናል። በትክክለኛው ፍጥነት የተዘጋጀውን ቅጂ ይፈልጉ፤ እርምጃቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነው።