ከሴቲንግስ አይፒ ስቀይር ያልፈጠርኩት ፋይል መጣ

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቢሮ ያለችው ኮምፒውተር ኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ (ሊኑክስ) ነው የተጫነባት። ፕሪንተር ሼር የምናደርገው በሷ ስለሆነ አይፒዋ (የኔትወርክ አድራሻዋ) ቋሚ ይሁን ብዬ ከሴቲንግስ ገብቼ 192.168.1.20 ሞላሁ። በኋላ ኢቲሲ በሚባለው የሲስተም ፎልደር ስር ያለውን የኔትፕላን (የኡቡንቱ የኔትወርክ ሴቲንግ የሚጻፍበት) ፎልደር ስከፍት በ90 የሚጀምር፣ ቀጥሎ ኤንኤም የሚል፣ ከዚያ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ያለው የያምል (በጽሑፍ የተጻፈ የሴቲንግ) ፋይል ቁጭ ብሏል። እኔ አልፈጠርኩትም! በ01 የሚጀምረው የድሮው ፋይል እንዳለ ነው። ሰው ገብቶብኝ ይሆን? ላጥፋው?

መልስ፦
ማንም አልገባብህም፣ የጻፈው ኔትወርክ ማናጀር፣ ማለትም ኮኔክሽኖቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው። ኤንኤም የሚለው እሱው ነው፣ ረጅሙ ድርድር ደግሞ የኮኔክሽኑ ዩዩአይዲ (ልዩ መለያ) ነው። ከኡቡንቱ 23.10 ጀምሮ ከሴቲንግስ የምትቀይረው የኔትወርክ ኮኔክሽን ሁሉ የኔትፕላን ፋይል ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ድሮ ኔትወርክ ማናጀር የራሱ ፎልደር ውስጥ ይከተው ስለነበር ብዙ ሰው ሲያየው ይደነግጣል። ተርሚናል ላይ በኔትወርክ ማናጀር ትእዛዝ "ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሾው" በልና ዩዩአይዲውን አመሳክር።

ሌላ ሰው፦
ሰርዘውና ሪስታርት አድርግ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

የመጀመሪያው መላሽ፦
ኧረ ተው! ፋይሉ ውስጥ ያለው እኮ አሁን የሞላው አይፒ ነው። ካጠፋው ቋሚ አይፒውም አብሮ ይሄዳል፣ ከዚያ ቢሮው ሁሉ "ፕሪንተር አይሠራም" እያለ ይጮህበታል። ኮኔክሽኑን የማትፈልገው ከሆነ ከዚያው ከሴቲንግስ ወይም በኤንኤምሲኤልአይ ዲሊት አድርገው፣ ፋይሉንም ራሱ ያነሳዋል።

ሦስተኛ መላሽ፦
ልጨምርበት። ኔትፕላን ፋይሎቹን በስማቸው ቅደም ተከተል እያነበበ ያዋህዳቸዋል። አንድ ነገር ሁለቱም ውስጥ ካለ የ90ው ያሸንፋል። እንደ አድራሻ ያለ በዝርዝር የሚጻፍ ነገር ግን አይተካም፣ ይደመራል። ስለዚህ 01 ውስጥ ለዚያው ኮኔክሽን በእጅህ የጻፍከው አይፒ ካለ ሁለት አይፒ ይዛ ልታገኛት ትችላለህ። "ሱዶ ኔትፕላን ጌት" ተዋህዶ የወጣውን ያሳይሃል። የፋይሉ ፐርሚሽን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) እንደሆነ ይቆይ፤ የዋይፋይ ከሆነ ፓስወርዱ በግልጽ ነው የሚጻፈው፣ እዚህ ስትለጥፍም ፓስወርዱን ሰርዘህ ለጥፍ።

ጠያቂው፦
ዩዩአይዲው ገጠመ። 01 ውስጥም ሬንደረሩ (ሴቲንጉን የሚያስፈጽመው) ኔትወርክ ማናጀር ነው ከሚለው ውጪ ምንም የለም። ተባረኩ። ሌላ ጊዜ ከቤት ሆኜ በኤስኤስኤች (ከርቀት በመግባት) ፋይሉን ብነካካውስ?

ሦስተኛ መላሽ፦
"ኔትፕላን ትራይ" በል እንጂ አፕላይ አትበል። ትራይ በ120 ሰከንድ ውስጥ ኢንተር ካልመታህ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በአፕላይ ከተበላሸብህ ግን ቢሮ ድረስ መሄድህ ነው።