በካሳ ያወጣሁት የአልማ ምስል ላይ ሰፊው አቧራ እየጠፋብኝ ነው፣ እርዱኝ

ወገኖች፣ እንደምን አላችሁ? ከደሴ ነው የምጽፈው። የኮከብ ልደት ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የተሠራ ሞዴል) ወስጄ፣ አልማ (ALMA፣ ቺሊ ያለው ባለ ብዙ አንቴና የሬዲዮ ቴሌስኮፕ) ቢያየው ምን እንደሚመስል በካሳ (CASA፣ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ መረጃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) ለማውጣት እየሞከርኩ ነው።

ኮከቡ የሚወለድበት የጋዝና የአቧራ እምብርት 4000 የሥነ ፈለክ አሃድ (የምድርና የፀሐይ ርቀት) ስፋት አለው፤ በ140 ፓርሴክ ርቀት 29 አርክሰከንድ (የዲግሪ 1/3600ኛ) ገደማ ይሆናል። የአቧራውን ሙቀት የብርሃን ጉዞን በሚያሰላው ፕሮግራም በራድኤምሲ ሦስት ዲ (RADMC-3D) ሠራሁ። በ1 ሚሊዮን ፎቶን ምስሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነበር፣ 10 ሚሊዮን ሳደርገው ጠራ። እዚህ ድረስ ደህና ነው።

ችግሩ ምስሉን በ1.3 ሚሊሜትር፣ በሲ-3 የአንቴና አቀማመጥ፣ በሞዛይክ (ብዙ እይታዎችን በማጋጠም)፣ የቴሌስኮፑን ምልከታ በሚያስመስለው የካሳ ትእዛዝ በሲምኦብዘርቭ ሳሳልፈው ነው። መሃል ላይ ኮከቡን የሚዞረው ዲስክ ይቀራል፤ በዙሪያው የተዘረጋው ስስ አቧራ ግን ይጠፋና በቦታው ከዜሮ በታች የወረደ ጥቁር ቀለበት ይመጣል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በዚህ አቀማመጥ ከ7 አርክሰከንድ በላይ የተንጣለለ ነገር አይያዝም። ጦሳን የሸፈነው ጉም ሳይታይ ቋጥኙ ብቻ እንደሚታይ ማለት ነው። ሰፋ ያለውን ነገር የሚይዙትን የአልማ ባለ 7 ሜትር አንቴናዎች ስጨምር ቀለበቱ ሳሳ እንጂ አልለቀቀም።

አሁን ሞዴሉን በአንድ ባለ 12 ሜትር አንቴና ጨረር (ቢም፣ አንቴናው በአንዴ የሚያየው የሰማይ ስፋት)፣ ማለትም በ27 አርክሰከንድ፣ አደብዝዤ፣ ሁለት ምስሎችን በሚያዋህደው የካሳ ትእዛዝ በፌዘር ከአንቴናዎቹ ምስል ጋር ላዋህደው አስቤያለሁ። የብርሃን መጠኑን አሃድ ከጃንስኪ በፒክስል ወደ ጃንስኪ በጨረር የምቀይረው ከማደብዘዜ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የፕራይመሪ ቢም እርማቱስ (ከእይታው መሃል ሲርቁ የሚደክመውን ብርሃን ማስተካከያው) ከፌዘር በፊት ይሁን? መብራት ስለሚቆራረጥ ረጅም ስሌት ደጋግሜ መሞከር አልችልም፤ የሠራችሁት ካላችሁ ቅደም ተከተሉን እባካችሁ ጻፉልኝ።